የቴሌቪዥን አቅራቢዎች ውል፦ አንድ እርማት

«የኒው ዮርክ ዜና አንባቢ ጣቢያዋን ከለቀቀች፣ ውሉ ላይ ስለፈረመች አንድ ዓመት ሌላ ጣቢያ ላይ መታየት አትችልም» ያሉት ልክ አይደለም። ግዛቲቱ በስርጭት ሠራተኞች ላይ እንዲህ ያለውን አንቀጽ መጫን እ.ኤ.አ. በ2008 ከልክላለች፤ የሥራ ኃላፊዎችን ግን ሕጉ አይጨምርም። ግራ የሚያጋባዎት ምናልባት ውሉ ሳያልቅ የሚወጣው ነው፤ እሱ አሁንም የታሰረ ነው። ለምሳሌ አሜሪካዊው ኮሜዲያንና የምሽት ዝግጅት አቅራቢ ኮናን ኦብራየን እ.ኤ.አ. በ2010 ከኤንቢሲ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲለያይ እስከ ሴፕቴምበር 1 ከቴሌቪዥን የራቀው፣ ዳጎስ ያለ ገንዘብ በተከፈለበት ስምምነት ነበር። እስከዚያው ከተማ ለከተማ እየዞረ መድረክ ላይ ሲያስቅ ከረመ፤ የተከለከለው ስክሪን እንጂ ቀልድ አልነበረም! ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፦ ያልተሰራጨ ዝግጅት ዕቅድ ለተቀናቃኝ ጣቢያ ማቀበል ዛሬም ያስከስሳል።