ውዳሴ ለቧንቧ ከፋቾች

ጀግና የሚገኘው በጦር ሜዳ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ማለዳ ማለዳ ከእጅ መታጠቢያው ፊት የሚቆሙትን ሰዎች ተመልከቱ። ጥርሳቸውን ቦርሸው ይተፋሉ፤ የተፉት ቀይ ነው። አይደነግጡም። ቧንቧውን ይከፍታሉ፣ ደሙ ታጥቦ ይሄዳል፣ ጉዳዩም በዚያው ይዘጋል። ጥፋቱ የብሩሹ ስለሆነ ብሩሹ ይቀየራል። አዲሱም ካደማ የሚደማውን ጎን ሳይነኩ በጨዋነት ያልፉታል።

ይበልጥ የማደንቀው ግን የስኳር ሕመም ያለባቸውን ቧንቧ ከፋቾች ነው። እንዴት ያሉ ጥንቁቆች ናቸው! ጣታቸውን ወግተው ይለካሉ፣ ቁጥሩን በደብተር ያሰፍራሉ፣ መድኃኒታቸውን ሰዓት ሳያዛንፉ ይውጣሉ። የሦስት ወሩ ምርመራ፣ ማለትም ያለፉትን ወራት አማካይ የደም ስኳር የሚያሳየው፣ ከፍ ብሎ ሲመጣ መለኪያውን ይጠረጥራሉ፤ መድኃኒቱን ይጠረጥራሉ፤ ያናደዳቸውን ዘመድ ሳይቀር ይጠረጥራሉ። አፋቸውን ግን በፍጹም! አፍ ከአንገት በላይ ነው፣ ስኳር ከአንገት በታች፤ በመካከሉ ያለውን ድንበር ያለ ይለፍ ወረቀት ማን ይሻገራል?

ሥርዓት የሌለው ብግነት፣ ማለትም የታመመ አካል መቆጣት፣ ይሻገራል። ጤናማ ድድ ከጥርሱ ጋር ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ድዱ ሲታመም ግን ክፍተቱ እየጠለቀ ኪስ ይሆናል፤ በኪሱ ውስጥ ባክቴሪያ ይከማቻል፣ ብሩሽ የማያስለቅቀው ቆሻሻም ይደርቃል። በየጥርሱ ዙሪያ ያለው ቁስል ቢደመር ከ8 እስከ 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሊደርስ እንደሚችል ተገምቷል። ይህን የሚያህል ቁስል ግንባራቸው ላይ ቢወጣ ቧንቧ ከፋቾቻችን ሌሊቱን ሐኪም ቤት በር ላይ ያድሩ ነበር። ከዚያ ቁስል የሚነሡ የብግነት ኬሚካሎች ወደ ደም ገብተው ኢንሱሊን ሥራውን እንዳይሠራ ያውኩታል፤ የደም ስኳር ከፍ ይላል። ከፍ ያለው ስኳር ደግሞ ተመልሶ ድዱን ይጎዳል። ብድር መላሾች ናቸው።

ሃራልድ ሎ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1993 የድድ በሽታን የስኳር ሕመም ስድስተኛ መዘዝ ብለውት ነበር። ቧንቧ ከፋቾች አምስት ላይ መቁጠር ስለሚያቆሙ አልሰሙም። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት 35 ጥናቶችን መርምሮ፣ ከድድ በታች ያለው የጥርስ ሥር ሲጸዳ የሦስት ወሩ ውጤት ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ በአማካይ በ0.43 የመቶኛ ነጥብ እንደሚወርድ አገኘ። እውነት ለመናገር እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ለውጥ አላየም ነበር። ቧንቧ ከፋቾች ይህንን ቢሰሙ በመስተዋት አስገብተው ከእጅ መታጠቢያው በላይ ይሰቅሉት ነበር፤ ሌሎቹን ጥናቶች ለማንበብ ግን ጊዜ አይኖራቸውም።

ደግነቱ ባለሙያዎቹም ያግዟቸዋል። የስኳር ሐኪሙ ዓይን ያያል፣ እግር ይዳስሳል፣ ኩላሊት ያስመረምራል፤ አፍ የሰው ግዛት ነውና አይደፍርም። የጥርስ ሐኪሙም ስለ ስኳር ጠይቆ ሰው አያስጨንቅም። እንዲህ ያለ መከባበር የት ይገኛል?

ከዓመታት በኋላ አንዱ ጥርስ መነቃነቅ ይጀምራል። ያኔ ቧንቧ ከፋቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማስነቀል ይሄዳሉ። ሐኪሙ አፋቸውን ከፍቶ ዝም ይላል፤ ከዚያም «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚደማዎት?» ብሎ ይጠይቃቸዋል።

«ኧረ እሱ ምንም አይደለም» ይላሉ በኩራት፤ «ሁልጊዜም ነው።»