ፓሪስ ለቅሶ የለም እንዴ?

ስለ ፈረንሳይ አለባበስ የሚያስተምሩት ቪዲዮዎች ላይ ያለችው ሴት ብዙ ነገር ታደርጋለች። ቡና ትጠጣለች። ረጅም ዳቦ ብብቷ ሥር ሸጉጣ መንገድ ትሻገራለች። ብስክሌት ትነዳለች። ለቅሶ ስትደርስ ግን አይቼ አላውቅም። ሰርግ አትጠራም። ዕድር የለባትም። የጎረቤት ልጅ ክርስትና አይነሳባትም። እንዲህ ከሆነማ እኔም በአሥር ልብስ ዓመቱን እገፋዋለሁ።

ትምህርቱ ባጭሩ ይህን ይመስላል። ቁም ሳጥን ይከፈትና ግማሹ ልብስ ይወጣል። የሚቀረው እርስ በርሱ የሚስማማ ጥቂት ነገር ነው። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ልክ የሆነ ጂንስ፣ ጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ ባለ መስመር ቲሸርት፣ ቤዥ ካፖርት፣ የሐር ሻርፕ፣ ተረከዝ የሌለው ጫማ። ቀለማቸው ስለማይጣላ የትኛውም ከየትኛውም ጋር ይሄዳል። ሰኞ የተለበሰው ሸሚዝ ሐሙስ በሌላ ሱሪ ይደገማል። ዋናው ደንብ ደግሞ፣ የለበሰው ሰው ለመልበስ የለፋ መምሰል የለበትም። እዚያ ለመድረስ ብዙ ይለፋል።

ይህን ሁሉ የተማርኩት ከአክስቴ ልጅ ነው። አዳማ ተወልዳ አዳማ ያደገች ልጅ ናት። አንድ ሰሞን በስልኳ ፓሪስ ገባችና አልወጣም አለች።

በርግጥ አዳማና ፈረንሳይ ጨርሰው ባዕድ አይደሉም። ፈረንሳዮች የጅቡቲን ሐዲድ በአዳማ በኩል አሳልፈው ነው በ1917 አዲስ አበባ ያስገቡት (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ፋሽን ነው ብላችሁ ታገሱኝ)። ፍራንኮ የሚባል ሰፈርም አለን። ባቡሩ ብዙ ነገር አምጥቷል። ካፖርት የለበሰ ሰው አምጥቶም ከሆነ፣ አዳማ ሲደርስ አውልቆ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎት መሆን አለበት። እዚህ ሙቀት በቀትር ኮት የሚለብሰው ለስብሰባ የመጣ ሰው ብቻ ነው። እሱም አዳራሹ ኤሲ ስላለው ነው።

ቤዡ ካፖርት ራሱ፣ ትሬንች ኮት የሚሉት፣ የፈረንሳይ አይደለም። የእንግሊዞች ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ዝናብ ሲዘንብባቸው ለነበሩ መኮንኖች የተሰፋ ነው። «ጥቂት ልብስ ይበቃል» የሚለውንም ሐሳብ በ1970ዎቹ ያስፋፋችው ሱዚ ፎ የምትባል የለንደን ባለ ሱቅ ናት። በ1985 ደግሞ አሜሪካዊቷ የልብስ ነዳፊ ዶና ካረን ሰባት የሚገጣጠሙ ልብሶች ይዛ ኒውዮርክ ላይ ብቅ ስትል ነገሩ ዓለምን አዳረሰ። ታዲያ ፈረንሳዮቹ ምን አደረጉ? ለበሱት። አለቀ። ሰው የሰፋውን ለብሶ የአያት ርስት ማስመሰል ትልቅ ችሎታ ነው። በዚህ ችሎታ አዳማም አትታማም፤ ሰልባጅ ተራ ሄዶ ማየት ይቻላል።

የአክስቴ ልጅ ሥራዋን የጀመረችው ቁም ሳጥኑን በማራገፍ ነው። ከወጣው ልብስ አብዛኛው የሥልጠና ቲሸርት ነበር። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ሰው ይመጣል፣ ሆቴል ይገባል፣ ይሠለጥናል፣ አበሉን ተቀብሎ ይመለሳል። ቲሸርቱ ግን እዚህ ይቀራል። እኛ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ፈጽሞ ባልተሳተፈበት ሥልጠና ቲሸርት ነው የሚተኛው። አባቴ ስለ እናቶች ጡት ማጥባት የተጻፈበት አለው። ሲያጥርበት አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በማዳበሪያ ተሞልቶ በር ላይ ተቀመጠ። አክስቴ አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የማልፈልገው ነው፣ እማዬ።»

«አንቺ ባትፈልጊው እኔ አለሁ አይደል!»

ማዳበሪያው በዚያው ቀን ተመልሶ ገባ። ግማሹ መወልወያ ሆነ። ሩቡ ገጠር ላሉ ዘመዶች ተመደበ። የቀረው «ለማንኛውም» ተብሎ አልጋ ሥር ተገፋ። ከኢትዮጵያዊ ቤት ልብስ አይወጣም። ሥራ ይቀይራል እንጂ።

ቀጥሎ ግዢ መጣ። ባለ መስመሩን ቲሸርት ያገኘችው ቦንዳ ሲፈታ ተጋፍታ ነው። ይህ ቲሸርት ታሪክ ያለው ልብስ ነው። በ1858 የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ለመርከበኞቹ ደንብ አወጣለት። 21 ነጭ መስመር ይኑረው፣ ነጩ ከሰማያዊው እጥፍ ይስፋ አለ። ኋላ ፈረንሳዊቷ የልብስ ነዳፊ ኮኮ ሻኔል ከመርከበኛ ላይ አውርዳ ለሀብታም ሴቶች አለበሰችው። የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ አጥንታ፣ መስመሩን ቆጥራ፣ ካውያ አስነክታ ፖስታ ቤት አካባቢ ወጣች። የመጀመሪያው ባለ ባጃጅ «የማን ማሊያ ነው?» አላት። ጓደኛው ቀበል አድርጎ «በረኛ ናት ባክህ» አለ። ቤት ስትመለስ አክስቴ «ይሄን የለበሰ እስረኛ ፊልም ላይ አይቻለሁ» አለች። ሻኔል ይህን ብትሰማ ኖሮ መርከበኛውን ባልነካችው።

ልብስ ሰፊው ጋ ደግሞ ሌላ ትምህርት ጠበቃት። እውነቱን ለመናገር የፈረንሳዮቹ አለባበስ ምስጢር ልክ ነው። ርካሽ ልብስ ትከሻው ላይ በትክክል ካረፈ ውድ ይመስላል። እኛ ደግሞ በየበረንዳው ባለ ሲንጀር አለን። ልብስ ማስጠበብ፣ ማሳጠር፣ ዚፕ ማስቀየር በአንድ ከሰዓት ያልቃል (ማለትም «ነገ ነይ» ከተባለበት ከሦስተኛው ነገ በኋላ)። የስልኳን ፎቶ አሳየችው። «ይሄማ ቀላል ነው» አለ። ልብስ ሰፊ ሌላ መልስ የለውም። ሱሪው ሲያልቅ ግን ወገቡ ላይ ሌላ ሰው ያስገባል።

«ጋሼ፣ ሰፋ እኮ!»

«ትርፍ ትቼልሽ ነው እህቴ። ነገ ታገቢያለሽ፣ ትወልጃለሽ። ያኔ ታመሰግኚኛለሽ።»

ፓሪስ ያለ ልብስ ሰፊ ለአሁኑ ወገብ ይሰፋል። የእኛው ለሕይወት ዘመን ነው የሚያስበው።

እነዚህ ሁሉ ቀላል ናቸው። ዋናው ጣጣ የመጣው በጥቁር ነው።

ፈረንጆቹም ዘንድ ጥቁር ቀሚስ በአብዛኛው የሐዘን ነበር። በ1926 የአሜሪካው ቮግ መጽሔት የሻኔልን ጥቁር ቀሚስ አወጣና ከፎርድ መኪና ጋር አመሳሰለው። ሁሉም የሚገዛው ይሆናል ለማለት ነው። እንዳለውም ሆነ። ዜናው ግን እኛ ሰፈር ገና አልደረሰም።

ማክሰኞ ጠዋት ልጅቷ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ ወጣች። ፀጉሯን በደንቡ መሠረት አላበጠረችም። ከንፈሯ ላይ ቀለም የለም። ቪዲዮው ላይ ይህ ውበት ነው። እኛ ሰፈር የቅርብ ዘመድ ነው።

የመጀመሪያዋ ጎረቤት አየቻትና እጇን ደረቷ ላይ ጣለች። «ምነው ልጄ? ማን ነው?»

«ማንም እማማ። ስታይል ነው።»

ይህ መልስ ነገሩን አባሰው። እንዲህ የሚዘባርቀው ሐዘን የነካው ሰው ነው። ሁለተኛዋ ጎረቤት ጭራሽ አልጠየቀችም፤ ከንፈሯን መጥጣ አለፈች። ቡና ላይ ጉዳዩ በሰፊው ታየ። ልጅቷ ሰምታለች፣ እናቷ ግን አልሰማችም ተባለ። እናቷ በዚያው ጠዋት አረንጓዴ ሻሽ አስራ ሽንኩርት ስትከራከር ታይታለች። ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

መርዶ ደግሞ ሥርዓት አለው። በቀትር አይነገርም። ሰውየው ሥራውን ውሎ፣ እራቱን በልቶ፣ ተኝቶ፣ ሊነጋጋ ሲል ነው የሚረዳው። ስለዚህ ያን ቀን አክስቴን ያገኛት ሁሉ በልዩ ርኅራኄ ሰላም አላት። አንዷ እንጀራ ላከችላት። ባለ ሱቁ የቆየ ዱቤዋን ሳያነሳባት ቀረ። አክስቴ «ሰው ዛሬ ምን ነካው?» ብላ ተኛች።

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ከፈተች። ሰፈሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። ከፊት የዕድሩ ሰብሳቢ አሉ። እንዲህ ያለ ሰልፍ ያየ ኢትዮጵያዊ ማብራሪያ አይጠይቅም። «ወንድሜን!» ብላ ጮኸች።

ወንድሟ አባቴ ነው። በዚያ ሰዓት ቤታችን ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ነበር።

እሷ ስትጮህ ሰዎቹ አለቀሱ። እነሱ ሲያለቅሱ እሷ አረጋገጠች። ማን እንደሞተ ሳይታወቅ በደንብ ተለቀሰ። አንዳንዱ የራሱን የቆየ ሐዘን ነው የተወጣው። ድንኳኑ የት ይተከል የሚለው ሐሳብ እየተነሳ ሳለ፣ አባቴ ከእህቱ ቤት ለቅሶ ተሰማ ብለውት ቡኒ ኮቱን ደርቦ እየሮጠ ደረሰ። «እህቴን!» ይላል። እሷም አየችው። እሱም አያት። ተቃቅፈው እንደ አዲስ አለቀሱ። የአክስቴ ልጅ በር ላይ ቆማ «ስታይል ነው አልኳችሁ እኮ» ትላለች። የሰማት የለም።

ለነገሩ ፓሪስም ብትሆን ከሰው ዓይን ነጻ አልነበረችም። በ1800 የከተማዋ ፖሊስ ሱሪ መልበስ የፈለገች ሴት ፈቃድ ታውጣ ብሎ አዘዘ። ኋላ ላይ የብስክሌት መሪ ወይም የፈረስ ልጓም ከያዘች ይቻላል ተባለ። ትዕዛዙ ዋጋ የለውም ተብሎ በይፋ የተነገረው በ2013 ነው። እኛ ጋ ፖሊስ አያስፈልግም። ከበር እስከ አስፋልት ያለው ሰው ይበቃል።

የአባቴን ኮት ጠቅሼ ማለፍ አይሆንልኝም። ለሥራ ይለብሰዋል። ለሰርግ፣ ለለቅሶ፣ ለቀበሌ ስብሰባ፣ ለፍርድ ቤት ይለብሰዋል። ሲነጣ ልብስ ሰፊ ጋ ተወስዶ ተገለበጠና አዲስ ሆነ። ከሁለቱም ሱሪዎቹ ጋር ይሄዳል። ለመልበስ የለፋም አይመስልም፤ በእርግጥም አይለፋም። የቪዲዮዋ ሴት የምታስተምረውን አንድም ሳይጎድል ሲፈጽም ኖሯል። ግን ማንም ቪዲዮ አንስቶት አያውቅም። እሱ ሲያደርገው «ምስኪን፣ ሌላ የለውም» ነው። ፓሪስ ላይ ሲደረግ ጥበብ ነው።

በአንድ ነገር ግን ከፈረንሳዮቹ ጎን እቆማለሁ። እነሱ ጥሩውን ልብስ ማክሰኞም ይለብሱታል። እኛ የክት አለን፣ የዘወትር አለን። አክስቴ አልጋ ሥር ባለው ሻንጣ ውስጥ ከዱባይ የመጣ ቀሚስ አለ። የናፍታሊን ሽታው ከቀሚሱ ዕድሜ በላይ ነው። ለደህና ቀን የተቀመጠ ነው። ደህናው ቀን ብዙ ጊዜ መጣ። በመጣ ቁጥር ግን «ለዚህ ሰርግማ አይባክንም» ተባለ። አሁን ቀኑም ቢገኝ ቀሚሱ አይገባትም።

በሻርፕ በኩል ደግሞ ፈረንሳዮቹ አይችሉንም። ኤርሜስ የሚባለው የፓሪስ የውድ ዕቃ ቤት በ1937 የሐር ሻርፕ አወጣ። 90 በ90 ሴንቲ ሜትር ነው። አንገት ላይ፣ ፀጉር ላይ፣ ቦርሳ ላይ ይታሰራል ብለው ይደነቃሉ። ነጠላስ? ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ መስቀለኛ ይጣፋል። ለቅሶ ሲሆን ጥለቱ ወደ ላይ ይገለበጣል። ድግስ ላይ ወገብ ላይ ይታሰርና ወጥ ይወጣበታል፣ እስክስታ ይመታበታል። ልጅ ይሸፈንበታል። ጫፉ ላይ ብር ይቋጠራል። የአዳማ ነፋስ አቧራውን ሲያነሳ ደግሞ ፊት ይጋረድበታል። ነፋሱን ቀላል እንዳታደርጉት። መንግሥት ራሱ አምኖበት ከከተማዋ ወጣ ብሎ ተርባይን ተክሎለታል። ያልተበጠረ ፀጉር ለማግኘት አዳማ ላይ ስልጠና አያስፈልግም፤ ከቤት መውጣት በቂ ነው።

የአክስቴ ልጅ አሁንም አልተወችውም። ጥቁሩን ትታ በጥቁር ሰማያዊና በቤዥ ቀጥላለች። ሰሞኑን ግን የዘመድ ሰርግ ደረሰ። የሴቶቹን ልብስ የሚመራ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ሰብሳቢዋ ደወለች።

«ብርቱካናማ ነው። ጨርቁ ተገዝቷል። ድርሻሽን ላኪ።»

«ቤዥ ቢሆንስ?»

«ቤዥ ለመጋረጃ ነው።»

«እሺ ጥቁር ሰማያዊ? ሌላ ጊዜም እንድንለብሰው ብዬ ነው።»

ስልኩ ለአፍታ ዝም አለ።

«ሌላ ጊዜ? ለማን ሰርግ?»

«ለማንም። ዝም ብዬ ነው…»

«አንቺ! ልታገቢ ነው እንዴ?»

ማታውኑ ለአክስቴ እንኳን ደስ አለሽ የሚል ስልክ ይጎርፍ ጀመር። ልጅቷ ከጎን ሆና በእጇም በአንገቷም «ውሸት ነው» ትላታለች። አክስቴ ግን አላስተባበለችም።