ማስተካከያ፦ «አንሊስትድ» ቪዲዮ የግል ቪዲዮ አይደለም

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚያስተምሩ በወጣው መረጃ፣ የክፍል ትምህርት የቪዲዮ ቅጂን ዩቲዩብ ላይ «አንሊስትድ» አድርጎ ሊንኩን ለተማሪዎች መላክ በቂ እንደሆነ ተገልጾ ነበር። በቂ አይደለም። አንሊስትድ ቪዲዮ በፍለጋ አይገኝም እንጂ ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ያየዋል፤ ለሌላም ያስተላልፈዋል። የተማሪ ፊት፣ ስም ወይም ድምፅ ያለበት ቅጂ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው፣ የተማሪዎችን መረጃ ምስጢር በሚጠብቀው የአሜሪካ የፌርፓ ሕግ ጥበቃ የሚደረግለት የትምህርት መዝገብ ሊሆን ይችላል።

ቅጂውን ዩኒቨርሲቲው ውል በገባበት የቪዲዮ መድረክ፣ ለምሳሌ በፓኖፕቶ ወይም በካልቱራ፣ ጫኑት፤ ለኮርሱ ተመዝጋቢዎች ብቻ ክፈቱት። ከዚያ ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ ሊንኩን ሞክሩ። ከተከፈተ ቅንብሩ ተሳስቷል። ይህን ሙከራ ፈጽሞ አትዝለሉት።

በራሱ የሚወጣው የግርጌ ጽሑፍም ሳይታረም አይለጠፍ። ስሞችንና ሙያዊ ቃላትን ስለሚያበላሽ፣ መስማት የተሳነው ተማሪ የሚያነበው ሌላ ትምህርት ይሆናል። በቀረጻ ጊዜም ሰሌዳው ላይ ያለውን በቃል ተናገሩ፤ «ይህን ተመልከቱ» ማለት ለማያይ ተማሪ ምንም አይነግረውም።

ለተማሪዎች የምታሳዩት የልቦለድ ፊልም ከሆነ፣ ክፍል ውስጥ ሙሉውን ማሳየት ቢፈቀድም እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የቅጂ መብት ሕግ፣ ቲች አክት፣ ለኦንላይን ትምህርት የሚፈቅደው ምክንያታዊና ውስን ክፍሉን ብቻ ነው። ሙሉውን ለማሳየት ቤተ መጻሕፍቱ ፈቃድ የገዛበትን ቅጂ ጠይቁ።