ምርጫችን የት ገባ?

«ማስ ኢፌክት 3» የተባለው የቪዲዮ ጌም መጨረሻ ዛሬም ያበግነኛል። ተከታታዩ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀመር ነገሩ ግልጽ ነበር፤ የምትወስነው ነገር እስከ መጨረሻው ይከተልሃል። በ2010 ሁለተኛው ሲወጣ የድሮውን ሴቭ (የተቀመጠ የጨዋታ ፋይላችንን) አስገብተን ቀጠልን። ማንን እንዳዳንን፣ ማንን እንዳጣን ጌሙ ያስታውስ ነበር። የምንጫወተውን ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ሼፐርድን፣ የየራሳችን ሰው አደረግነው።

ከዚያ በ2012 ሦስተኛው መጣ። መሀሉ እኮ ግሩም ነው! ክሮጋን የሚባሉት የባዕድ ዓለም ፍጡራን መካንነት ታሪክ፣ የሳይንቲስቱ የሞርዲን መጨረሻ... አሁንም ሆዴን ያባባዋል። እንዲህ መጻፍ የሚችሉ ሰዎች ናቸው እንግዲህ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች እንደዚያ ያደረጉት። ድንገት ብቅ ያለ ፍጡር ሦስት አማራጭ ይዘረግፍልሃል። የቱንም ብትመርጥ የምታየው ፍንዳታ ከቀለሙ በቀር ያው ነው ማለት ይቻላል። ያ ሁሉ ዓመት የተሸከምነው ውሳኔስ?

ተጫዋቹ ሲጮህ የጌሙ ሠሪዎች በዚያው ዓመት ለመጨረሻው ክፍል ነፃ ማራዘሚያ ለቀቁ። ማብራሪያ ጨመረ፣ መሠረቱን ግን አልነካውም። «ደጋፊ ሲባል መች ይጠግባል» የሚሉ ሰዎች ደግሞ ይብሳሉ። ሼፐርድ ይሙት፣ ታሪኩም ያሳዝን፣ ችግር የለም። ግን ሦስት ጌም ሙሉ «ምርጫህ ዋጋ አለው» ካላችሁን፣ ዋጋውን አሳዩና!