ቦርከናን ለልጆች እንሳልላቸው

ስለ አካባቢ ጥበቃ የተጻፉ የሕፃናት የስዕል መጻሕፍትን ሳገላብጥ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ ያው ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ ፌስታል ያነሳል፣ ችግኝ ይተክላል፣ ትልልቆቹ ያጨበጭባሉ፣ አለቀ። ቆሻሻውን ማን ጣለው? ችግኙንስ ነገ ማን ውሃ ያጠጣዋል? አይጠየቅም። ጣጣው ሁሉ የ7 ዓመት ልጅ ላይ!

ደሴ ላደገ ልጅ እንዲህ ያለ ታሪክ አይበቃም። ክረምት ሲገባ ከጦሳ ተራራ ሥር ካሉት ተዳፋት ሰፈሮች ፌስታሉም ሃይላንዱም በጎርፍ ተጠራርጎ ቦርከና ወንዝ ይገባል። ቦርከና ደግሞ እዚያው አይቀርም፤ ቁልቁል ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ እዚያ ተመራማሪዎች ክሮሚየም የተባለ ከባድ ብረት ሳይቀር ያገኙባቸው፣ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባባቸው ገባሮች ይቀላቀሉታል፣ ከዚያ ወደ ጨፋ፣ የአርብቶ አደሩ ከብት ወደሚግጥበት ረግረግ ይዘልቃል። እስቲ ይህን በስዕል አስቡት። ገጽ በገጽ ወንዙን እየተከተሉ መውረድ ነው። ደሴ የተጣለ ፌስታል ጨፋ ላይ ላም ስታኝከው ያየ ልጅ ሌላ ስብከት አያስፈልገውም።

መፍትሔውም በአንድ ልጅ አይምጣ። ነገሩ ቅሬ (እድር) ላይ ይነሳ። ድንኳን የሚተክል፣ ለቅሶ የሚያደርስ ሰፈር ቦይ መጥረግ ያቅተዋል? መጽሐፉ ጭቅጭቁንም አይደብቅ፦ አንዱ አባወራ «ይሄ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው» ይበል (ግማሽ እውነቱን ነው)፣ ሌላዋ እናት ቡናውን እየቀዳች ትመልስለት። በመጨረሻ ቦዩን ይጥረጉ፣ ግን ማዘጋጃ ቤትም ይሂዱ፣ ፋብሪካውንም ስለ ፍሳሹ ይጠይቁ። ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው ሲጠይቁ ማየት ለልጅ ትልቅ ትምህርት ነው።

ፈጠራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጋምቢያ ውስጥ ኢሳቱ ሲሴይ ከመንደሯ ሴቶች ጋር ሆና የተጣለ ፌስታል እየሰበሰበች ቦርሳ መሥራት ጀመረች፤ ታሪኳ የሕፃናት የስዕል መጽሐፍ ሆኗል። ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይም በ1977 እ.ኤ.አ. የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ስትጀምር ችግኙን ያፈሉትና የተከሉት የገጠር ሴቶች ናቸው። እሷም ብዙ የልጆች መጽሐፍ ተጽፎላታል። የኛ ሴቶችስ?

ሰው አይጠፋም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ካምፓስ አለው፤ ውሃውን የሚያውቅ ባለሙያ፣ መሣል የሚችል ወጣት፣ ተረት የሚያውቁ አያቶች ሁሉ እዚሁ አሉ። የቀለም ኅትመት ውድ ነው ካላችሁ በጥቁርና ነጭ ይታተም። ቀለሙን ልጆቹ ራሳቸው ይቀቡታል፣ ያውም ደስ እያላቸው።