እርማት፦ የጥበቃ ፈቃድ ለእሳት ጥበቃ አይበቃም

ወንድሜ፣ «የሴኩሪቲ ፈቃድ ካለህ ፋየር ጋርድ (የእሳት ጠባቂ) ሆነህ መግባት ትችላለህ» ያልከው፣ ቢያንስ ኒውዮርክ ከተማ ላይ፣ ስህተት ነው። የሴኩሪቲውን ፈቃድ የሚሰጠው ስቴቱ ነው። ፋየር ጋርድ ግን የከተማው እሳት አደጋ መምሪያ፣ ኤፍዲኤንዋይ፣ በፈተና የሚሰጠው ሰርተፊኬት ይጠይቃል። እሱም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ ውሃ የሚረጨው) ወይም የእሳት አላርም ተበላሽቶ ሕንጻ የሚጠብቅ ኤፍ-01 ይይዛል፤ ብየዳ የሚጠብቅ ደግሞ ኤፍ-60። ማለፊያው 70 በመቶ ነው፣ ጥያቄውም ከመምሪያው ማጥኛ ጽሑፍ ነው የሚወጣው።

«ቁጭ ብሎ ማየት ነው» ያልከውም አያስኬድም። በር ላይ እንግዳ እየመዘገቡ ፋየር ጋርድ መሆን የለም፤ በየወለሉ እየዞሩ፣ ዙሩን በመዝገብ እየጻፉ፣ ጭስ ሲታይ መጀመሪያ 911 መደወል ነው፤ አለቃ ከዚያ በኋላ ይደወልለታል። ብየዳ ካለማ ብየዳው ቆሞም አትሄድም፤ የፌዴራሉ የሥራ ደህንነት ደንብ ራሱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ ይላል።