አንድ ኪሎ ብቻ ናት

ወጪ ቀንሶ ውጭ አገር ስለመሄድ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ የምታነቡ ሰዎች ታሳዝኑኛላችሁ። ትኬት በየትኛው ወር ይረክሳል፣ ሆቴል የት ይሻላል፣ ብር የት ይመነዘራል። ይሄ ሁሉ ድካም! እኛ ጎጃም ውስጥ ይህን ጉዳይ ከፈታነው ቆይተናል። ቅቤ ከደብረ ማርቆስ አሜሪካ ድረስ ያለ አምስት ሳንቲም እናደርሳለን። ዘዴው ቀላል ነው። አንተ አትሄድም። የሚሄድ ሰው ትፈልጋለህ።

ይህን ጥበብ ያልተማሩ ሰዎች አሉ፤ ፖስታ ቤት ሄደው፣ ተሰልፈው፣ ፎርም ሞልተው፣ በኪሎ ከፍለው የሚልኩ። እግዜር ይርዳቸው።

እኔ ባለፈው ዓመት ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ዋሽንግተን ልሄድ ነበር። ለሚስቴ ብቻ ነው የነገርኳት። በማግስቱ ቡና ላይ የነበሩት ሁሉ ያውቃሉ። ቪዛዬ ፓስፖርቴ ላይ ሳይለጠፍ ሰፈር ውስጥ ተለጥፎ አገኘሁት። እዚህ ላይ የሥራ ክፍፍላችንን ማድነቅ አለብኝ፦ የአሜሪካን የጉብኝት ቪዛ ለመጠየቅ 185 ዶላር ይከፈላል፤ ብትከለከልም አይመለስልህም። ስትከለከል ኪሳራው የአንተ ነው። ሲመታልህ ግን ቪዛው የሰፈሩ ነው።

መጀመሪያ የመጡት የታችኛው ቤት እማማ ናቸው።

«አንድ ኪሎ ብቻ ናት ልጄ። ቅቤ ናት። ለልጄ ነው፣ አራስ ናት።»

አራስ! ጎጃም ተወልዶ ለአራስ ቅቤ አልወስድም የሚል አንጀት ያለው ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ። ልጃቸው የት እንደምትኖር ጠየቅኋቸው።

«ዳላስ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ የምሄደው ዋሽንግተን ነው።»

«አውቃለሁ። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ዳላስ ነው ብለውኛል።»

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሴትዮዋ ከባዶ ተነስተው አይደለም። ዋሽንግተን አጠገብ ያለው፣ ከቦሌ የሚነሳው አውሮፕላን የሚያርፍበት ጣቢያ ስሙ ደለስ ነው፤ በአንድ የድሮ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ስም የተሰየመ። ልጃቸው ያለችበት ዳላስ ደግሞ ቴክሳስ ነው። በሁለቱ መካከል 2000 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ነው ብንል፣ ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ፣ የአባይን በረሃ ስድስት ጊዜ ወርደህና ወጥተህ እንኳ አይሞላውም። ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ታዲያ አገሩ ከገባህ ምን ቀረህ?» አሉኝ።

ተቀበልኩ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው እንግዲህ።

ስለዚህች «አንድ ኪሎ» ትንሽ ላውራ። የአደራ ኪሎ ከገበያ ኪሎ ይለያል። ያው ሰው ቅዳሜ ገበያ ላይ ሚዛኑ በክር ታህል ቢያዘነብል ከነጋዴው ጋር ይጣላል፣ ሽማግሌ ይጠራል። ለመንገደኛ ሲሰጥ ግን ሚዛን የሚባል ነገር አያውቅም፤ በእጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ «ኧረ ቀላል ናት» ይላል። የእማማ አንድ ኪሎ ቤት ስመዝናት ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ ሆነች። በላስቲክ፣ በጋዜጣ፣ በጨርቅ፣ በላዩ ላይ በፕላስተር ተገንዛለች። መክፈት አይታሰብም። መክፈት ማለት «አላመንኩዎትም» ማለት ነው።

ከዚያ የቀሩት መጡ። የቡሬ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የገንፎ ዱቄት፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ጌሾ፣ አንድ ሃይላንድ ጸበል። አንዱ ጓደኛዬ «የደረቀ ሞሪንጋ ነው፣ ለስኳር በሽታ» ብሎ አንድ ከረጢት ሰጠኝ። ሽታው አላማረኝም። የመጀመሪያና የመጨረሻ ድፍረቴን አወጣሁና ከፈትኩት፤ ጫት ነው። እንግሊዝ አገር ከ2014 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የታገደ፣ አሜሪካም የሚወረስ ጫት። ብመልስለት «አንተ ደግሞ ታካብዳለህ!» ብሎ ተቀየመኝ። እስካሁን አያናግረኝም። ሻንጣ ውስጥ የተገኘ ነገር በሕግ ፊት የተሸካሚው ነው ብዬ ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ዝርዝር ወዳጅነትን ያበላሻል።

ሒሳቡን እዩልኝ። ትኬቴ ሁለት ሻንጣ ይፈቅዳል፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ በድምሩ 46። ሁለቱ ባዶ ሻንጣዎች ብቻቸውን ዘጠኝ ኪሎ ወሰዱ። አደራው 31 ሆነ። ለእኔ ስድስት ኪሎ ተረፈኝ። ለሦስት ሳምንት፣ በጥር፣ በዚያ ብርድ። ስድስት ኪሎ ለአንድ ሰው ምን አነሰው? ሰው ሲወለድ ሦስት ኪሎ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ክፉ መካሪዎች «ቤትህ መዝነህ ውጣ፣ የእጅ ሚዛን ግዛ» ይላሉ። አትስሟቸው። የሐበሻ ሻንጣ የሚመዘነው ቦሌ፣ ወረፋው መሐል፣ አራት መቶ ሰው እያየህ ነው። የእኔ አንዱ ሻንጣ 26 ተኩል አለ። ሌሊቱን የጨመረልኝ ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም። ከ23 ካለፈ ወይ ትከፍላለህ ወይ ትቀንሳለህ፤ እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ከፈትኩት። በርበሬው ይውጣ? አደራ ነው። ሽሮው? አደራ። ጫማዬ? እሱ የእኔ ነው፣ ይውጣ። ሹራቤም ወጣ። ካፖርቴን ግን የሸኘኝ ወንድሜ «ልበሰው፣ የለበስከውን አይመዝኑብህም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይቺን ምክር ያዙልኝ። ለበስኩት። ኪሶቹን በኮረሪማ ሞላልኝ።

የእጅ ሻንጣዬ ውስጥ ደግሞ በሶ ነበር። በሶ ለጎጃም መንገደኛ የጥንት ስንቅ ነው፣ ሆቴል ውስጥ ውኃና ስኳር ካገኘህ ምሳ ቆጠብክ ማለት ነው። ብቻ አሜሪካኖቹ ከ2018 ጀምሮ ለእኛ ብለው ያወጡት የሚመስል ሕግ አላቸው፦ ወደ እነሱ በሚበር አውሮፕላን ላይ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ይዞ መግባት ሊያስከለክል ይችላል። በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ የገንፎ እህል። ዱቄት ያልሆነ ምን አለን? ጸበሉም ፈሳሽ ነው፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያልፍም። ፈታሹ ፊት ቆሜ ጠጣሁት። ለማን እንደተላከ አልናገርም፤ በረከቱ ግን ደርሶኛል።

ከዚያ ያቺ ጥያቄ መጣች። «ሻንጣህን ያዘጋጀኸው ራስህ ነህ? ሰው የሰጠህ ዕቃ አለ?»

የአሥራ አራት ሰው ዕቃ ይዣለሁ። አንዱንም ከፍቼ አላየሁም። ሁለቱን ሰጪዎች በመልክም አላውቃቸውም። «ራሴ ነኝ፣ የሰው ዕቃ የለም» አልኩ። ዓይኔን አላሸሁም። በሕይወቴ እንደዚያ በእርጋታ ዋሽቼ አላውቅም። ታዲያ ይህ ባህላችን ሰውን ጠንካራ ያደርጋል ስል በምክንያት ነው።

አሜሪካ ስትገባ ምግብ ይዘሃል ወይ ተብለህ ትጠየቃለህ። ይዤ ነበር፣ ይዣለሁ አልኩ። ይህን ስል በቁም ነገር ነው፦ ተናግረህ ቢከለከል ዕቃው ይቀራል እንጂ አትቀጣም፤ ደብቀህ ከተገኘህ ግን ቅጣቱ በመቶዎች ዶላር ነው። አውሮፓ ኅብረት ለሚሄዱት ደግሞ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ጭራሽ አይገባም፣ ቋንጣም ቅቤም ማለት ነው። ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል፣ ለዚህ እንኳን ምስጋና ይገባቸዋል። የእኔን ቋንጣ ወሰዱት። ጌሾውን አንስቶ ምንድን ነው ሲለኝ ጠላ ከምን እንደሚጠነሰስ፣ ድፍድፍ ምን እንደሆነ፣ በማላውቀው ቋንቋ ሃያ ደቂቃ አስረዳሁ። ሰውዬው መጨረሻ ላይ ደከመውና አሳለፈኝ። ቅቤዋም አለፈች።

ሥልጠናውን በጨረፍታ ተከታተልኩ። የቀረውን ጊዜ ፖስተኛ ነበርኩ። አንዱ «ሥራ ላይ ነኝ፣ አሌክሳንድሪያ ድረስ ታመጣልኝ?» ይላል። ሌላዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት፣ የምትገባው ሌሊት ነው። ሦስተኛው ስልክ አያነሳም፤ በርበሬው አልጋዬ ሥር ሁለት ሳምንት ከርሞ ክፍሉን ወጥ ቤት አደረገው። ካርድ ስትጠቀም ማሽኑ በየትኛው ገንዘብ ልቁረጥ ካለህ በአገሩ ገንዘብ ምረጥ፣ በራስህ ብር ካስቆረጥክ ምንዛሪው ይጎዳሃል ይላሉ። እኔም እንዲሁ አደረግኩ። የቆጠብኳትን ለባቡር ከፈልኩ።

የቀረችው የእማማ ቅቤ ናት። ዳላስ አልሄድኩም። ፖስታ ቤታቸው እስከ 70 ፓውንድ፣ ማለት 32 ኪሎ ገደማ ድረስ ዋጋው አንድ የሆነ ሳጥን አለው፤ ክብደት አይቆጥርብህም። ገዛሁ፣ ጨመርኩ፣ ላክሁ። የከፈልኩት ማርቆስ ገበያ ሌላ ቅቤ ይገዛል። ከአራት ቀን በኋላ አራሷ ደወለች።

«ውይ ወንድሜ፣ ምን ልበልህ! ቅቤ እኮ እዚህ የሐበሻ ሱቅ ሞልቷል። ፍሪጄ ውስጥ ሦስት አለኝ፣ ሁሉም እማዬ የላከችው ነው። እንዳትነግራት አደራ።»

ሌላ አደራ።

ስመለስ እማማ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ደረሰ?»

«ደርሷል እማማ።»

«ምን አለች?»

«በጣም ደስ አላት።»

«እኔ እኮ አውቄያለሁ» አሉ። እቅፍ አድርገው ሳሙኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የመምህሩ ልጅ ካናዳ ሊሄድ ነው ሲሉ ሰማሁ። ካናዳ ከዳላስ ይርቃል እንዴ?»